ሆላሾቪጼ፦ ይቺ ትንሽ የቼክ መንደር ምኗ ነው የሚታየው?

ጥያቄ — የፕራጓ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ፕራግ ነው። በቅርቡ ታላቅ እህቴ ልትጠይቀኝ ትመጣለችና ይዣት ወደ ደቡብ ቦሄሚያ፣ ማለትም ወደ ቼክ ደቡባዊ ክፍል፣ ልወርድ አስቤያለሁ። ስለ ታዋቂዋ ከተማ ስለ ቼስኪ ክሩምሎቭ አልጠይቅም፣ እሱን የማያውቅ የለም። የምጠይቃችሁ ስለ ሆላሾቪጼ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቼክ ነው። «እዚያ ድረስ ሄዳችሁ ሆላሾቪጼን ሳታዩ እንዳትመለሱ» አለኝ። ገብቼ ፎቶዎቿን አየሁ። መሀል ላይ ሣር ሜዳ አለ፣ ኩሬ አለ፣ ዙሪያውን ቢጫና ሮዝ ቀለም የተቀቡ ቤቶች ተደርድረዋል። ያምራል፣ አላልኩም አይደለም። ግን ግንብ የለ፣ ቤተ መንግሥት የለ፣ ትልቅ ካቴድራል የለ። ነዋሪዋ 140 ገደማ ሰው ነው ይላሉ። እንዲህ ያለች መንደር ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገባት በምን ምክንያት ነው? ቼክ ውስጥ ቆንጆ መንደር ሞልቷል፣ ባቡር ላይ ሆኜ በመስኮት የማያቸው ራሱ ስንት ናቸው።

ሌላው፣ እህቴ ታሪክ አስተማሪ ናት። «ይሄን ማን ሠራው፣ መቼ፣ ለምን» ሳትል አታልፍም፣ እኔ ደግሞ መልስ የለኝም። ስለዚህ እዚያ የነበረ ወይም ታሪኳን የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ከመንገድ ላይ ብቻ ታይታ የምትታለፍ ናት ወይስ ቀን የሚሰጣት?

መልስ 1 — ከቡዴዮቪጼ

እህቴ፣ እኔ የምኖረው ቼስኬ ቡዴዮቪጼ ነው። ሆላሾቪጼ ከእኛ ወደ ምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የምወስደው ወደዚያ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ። እዚያ «ይሄ ነው ሐውልቱ» ተብሎ በጣት የሚጠቆም ነገር ፈልገሽ ከሄድሽ ታዝኛለሽ። የሚታየው መንደሩ በሞላው ነው። መሀሉ ላይ ያለው አደባባይ ሬክታንግል ነው፣ ወደ ጎን ረዘም ይላል። ቼኮች ናቬስ ይሉታል። በዙሪያው 23 የገበሬ ግቢዎች አሉ፣ ግቢዎቹ ውስጥ ያሉት ቤቶችና ጎተራዎች ሲደመሩ ወደ 120 ሕንፃ ይሆናሉ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ አደባባዩ አዙረዋል። መሀላቸው ገብቶ መልኩን የሚያበላሽ ፎቅ የለም፣ ሱፐርማርኬት የለም፣ ቆርቆሮ መጋዘን የለም። በባቡር መስኮት ባየሻቸው መንደሮች ውስጥ አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ያለ ቤት ሊኖር ይችላል። አደባባዩ ሙሉ ለሙሉ ሳይቦረቦር የቀረበት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የተመዘገበችበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1998 ነው።

አሁን አንድ ግቢ መርጠሽ ፊቱ ቁሚ። በአንድ በኩል መኖሪያ ቤቱ አለ፣ ጠባብ ጎኑን ወደ አደባባዩ ሰጥቶ። በሌላ በኩል ጎተራው ወይም የአሮጌዎቹ ወላጆች ማረፊያ ቤት ይኖራል፣ እሱም እንዲሁ ጠባብ ጎኑን ሰጥቶ። ሁለቱን የሚያገናኝ አጥር ግንብ አለ። ግንቡ ላይ ደግሞ ጋሪ የሚያስገባ ትልቅ ቅስት በር፣ አጠገቡ ሰው የሚገባበት ትንሽ በር። በሩ ክፍት ከሆነ ወደ ውስጥ ቃኘት አድርጊ፣ ግን ሰው የሚኖርበት ነውና ሳይፈቀድልሽ አትግቢ። ከግቢው በስተጀርባ በረቱ አለ። መጨረሻ ላይ ግቢውን በስፋት የሚዘጋው የእህልና የገለባ ማስቀመጫው ነው። ከዚያ ጓሮ፣ ከጓሮው ቀጥሎ እርሻ። አንድ ቤተሰብ ከደጁ እስከ እርሻው ድረስ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ይኖር ነበር ማለት ነው። ይሄ አከፋፈል ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ቤቶቹ ፈርሰው ተሠርተዋል፣ መሬቱ የተቆረሰበት መስመር ግን አልተነካም።

ከዚያ ቀና ብለሽ የቤቶቹን ግንባር እዪ። እውነተኛው ውበት ያለው ከጣሪያው ሥር ነው። የግድግዳው ጫፍ ቀጥ ብሎ አይሾልም። ይታጠፋል፣ ይወዛወዛል፣ ትከሻ አውጥቶ ገባ ይልና እንደገና ይወጣል። በልስን የተሠሩ ጌጦች አሉት። እንደ ሪባን የተጠቀለሉ አሉ፣ አበባ ያላቸው አሉ፣ ክብ ወይም ሞላላ የቆጥ መስኮት የከበቡ አሉ። ብዙዎቹ የተሠሩበትን ዓመት ግንባራቸው ላይ ጽፈውታል። ሁለት ቤት አንድ ዓይነት ጌጥ የለውም፣ ግን ቁመታቸውም ስፋታቸውም የተመጣጠነ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተፎካክሯል፣ ልክ ሳያልፍ። ይሄ አሠራር ሴልስኬ ባሮኮ ይባላል፣ የገበሬ ባሮክ ማለት ነው። ባሮክ ኩርባና ጌጥ የሚበዛበት የአውሮፓ የሕንፃ አሠራር ነው።

አደባባዩ ላይ ያለችው ጸሎት ቤት የቅዱስ ዮሐንስ ኔፖሙክ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1755 የተሠራች። በጣም ትንሽ ናት። የመንደሯ ሰው ለቅዳሴ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ እዚህ ግን ጸሎት ይደረግበታል፣ ደወል ይደወልበታል። ቅርቡ መስቀል አለ፣ ኩሬው አለ፣ የድሮው አንጥረኛ ቤትም አለ። ኩሬው ለውበት የተቆፈረ እንዳይመስልሽ። እሳት ሲነሳ ውኃ የሚቀዳው ከእሱ ነው፣ ዝይና ዳክዬ የሚውለው እሱ ላይ ነው፣ ከብቱም የሚጠጣው እዚያው ነበር።

በአንደኛው ግቢ ውስጥ የድሮ የእርሻ መሣሪያና የቤት ዕቃ የሚታይበት ትንሽ ኤግዚቢሽን አለ። እህትሽ አስተማሪ ከሆነች እሱን አትለፉት። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ደግሞ ትልልቅ ድንጋዮች ክብ ሠርተው ተተክለው ታያላችሁ። ጥንታዊ ነው ብሎ ማንም እንዳያታልላችሁ፣ በእኛ ዘመን የተተከለ ነው። ልጆች ይወዱታል፣ ከሜዳው ላይ ሆኖ የሚታየው ገጽታም ደስ ይላል። ከታሪኩ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም።

ቀን ይሰጣት ወይ ላልሽው፣ ግማሽ ቀን ስጧት። አደባባዩን ሁለቴ ዙሩት፣ መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ በተቃራኒው።

መልስ 2 — መዝገብ ገላጭ

ከቡዴዮቪጼ የጻፈው ወንድሜ ቤቶቹን ጥሩ አድርጎ አሳይቷል። እኔ ወደ ታሪኩ ልሂድ፣ ምክንያቱም ያለ ታሪኩ ሆላሾቪጼ ቆንጆ ካርድ ሆና ነው የምትቀረው።

ስሟ በጽሑፍ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1263 ነው። ቼስኬ ቡዴዮቪጼ የምትባለውን ከተማ ንጉሥ ዳግማዊ ኦታካር የቆረቆራት በ1265 ነው። ስለዚህ መንደሯ ከተማዋን በሁለት ዓመት ትቀድማለች፣ ቢያንስ በወረቀት። በ1292 ንጉሥ ዳግማዊ ቫጽላቭ ሆላሾቪጼን ከሌሎች መንደሮች ጋር ለቪሺ ብሮድ ገዳም ሰጣት። ይሄ ገዳም ሲስተርሲያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ገዳም ነው፣ ቮክ ሮዠምበርክ የተባለው መስፍን በ1259 የመሠረተው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ 1848 ድረስ የመንደሯ ጌታ ገዳሙ ነበር። አምስት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎ ማለት ነው! ገበሬው እህሉን ለገዳሙ ይገብራል፣ በጉልበቱም ለገዳሙ ይሠራል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሆላሾቪጼ ሁለት ጊዜ ሰው አልቆባታል። ይሄን ሳታውቁ ከሄዳችሁ የምታዩትን ነገር አትረዱትም።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1525 ባለው ጊዜ ነው። ቸነፈር ገባ። ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ታሪክ ከሆነ ከመንደሩ ሁሉ የተረፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። መሬት ያለ ገበሬ ለገዳሙ ምንም አይሰጥም። ስለዚህ ገዳሙ ከባቫሪያና ከኦስትሪያ ሰፋሪዎችን አምጥቶ አሰፈረ። በ1530 ነዋሪዋ 17 ሰው ነበር። እነዚያ ሰዎች ጀርመንኛ ተናጋሪ ነበሩ። ባዶውን መንደር ተረክበው፣ የድሮውን የመሬት አከፋፈል ይዘው ኑሮ ጀመሩ። መንደሯም ቀስ በቀስ የጀርመንኛ ተናጋሪዎች መንደር ሆነች። በ1895 ላይ 157 ጀርመኖችና 19 ቼኮች ነበሩባት። የጀርመንኛ ስሟም ሆልሾቪትስ ነው።

አስቡት እንግዲህ። እነዚያ የምናደንቃቸው ግንባሮች በአብዛኛው የተሠሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ያኔ በቤቶቹ ውስጥ የሚኖረው አብዛኛው ሰው በቤቱ ጀርመንኛ ይናገር ነበር። አሠራሩ ግን የአካባቢው ነው። ቼክኛ ተናጋሪ የሆኑት ጎረቤት መንደሮችም ያንኑ ቅርጽ ይሠሩ ነበር። ግንበኛው ከመንደር መንደር ይዞራል፣ ጌጡን ማን ምን ቋንቋ ይናገራል ብሎ አይለይም። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። በዚያ ዘመን ከተማ ውስጥ ቼክና ጀርመን ስለ ቋንቋ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሥልጣን እየተጣሉ ነበር። እዚህ ግን ግድግዳው አንድ ነው።

ሁለተኛው ባዶ መሆን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ነው። ናዚዎች ቼኮዝሎቫኪያን በልተው፣ ሕዝቡን ፈጅተው፣ በ1942 ሊዲጼን የመሰለ መንደር ወንዶቿን ረሽነው ከምድረ ገጽ አጥፍተው ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ቁጣው የወረደው በጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ሁሉ ላይ ነው። ከ1945 እስከ 1946 ባለው ጊዜ ከመላ አገሪቱ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ተባረሩ። የሆላሾቪጼ ጀርመኖችም አብረው ሄዱ። አራት መቶ ዓመት የኖሩበትን ቦታ ጥለው። ብዙዎቹ ግቢዎች ባዶ ቀሩ።

ከዚያ ኮሚኒስቶቹ በ1948 ሥልጣን ያዙ። የገበሬውን መሬት በኅብረት እርሻ ሥር አደረጉት። አንድ ቤተሰብ በራሱ በረት፣ በራሱ ጎተራ፣ በራሱ ጓሮ የሚኖርበት ሥርዓት አበቃ። ግቢዎቹ የተሠሩት ለዚያ ኑሮ ነበር፣ ኑሮው ሲቀር ግቢዎቹም ሥራ ፈቱ። ጣሪያ አፈሰሰ፣ ልስን ረገፈ። በሌሎች መንደሮች ሰው ገንዘብ ሲያገኝ የድሮውን አፍርሶ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው ቤት ሠራ፣ መስኮቱን አስፍቶ ጌጡን ፍቆ በሲሚንቶ ለሰነው። እዚህ ግን አፍርሶ የሚሠራ ሰው ጠፋ። የሚያሳዝነው እውነት ይሄ ነው። መንደሯ እንዳለች የቆየችው ስለተጠበቀች ሳይሆን ስለተተወች ነው። ጥበቃው በኋላ መጣ። በ1989 የኮሚኒስቶቹ አገዛዝ ከወደቀ በኋላ ሰዎች ተመልሰው ይኖሩባት ጀመር፣ ቤቶቹ ታደሱ፣ በ1995 በመንግሥት ጥበቃ ሥር ገባች፣ በሦስተኛው ዓመት ዩኔስኮ ተቀበላት።

ለታላቅ እህትሽ «ማን ሠራው» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው። ቼኮች ቆረቆሯት፣ ገዳም ገዛት፣ ከባቫሪያና ከኦስትሪያ የመጡ ሰዎች ዘር ገነባት፣ ዛሬ ቼኮች ይኖሩባታል። አንዱን ብቻ ነጥሎ መጥራት አይቻልም።

መልስ 3 — ብላታ ወዳድ

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ሆላሾቪጼ ውብ ናት፣ አልክድም። ነገር ግን በበጋ ቅዳሜና እሁድ አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ ይደረደራል፣ ሰው ፎቶ አንስቶ በግማሽ ሰዓት ይሄዳል። በጁላይ መጨረሻ አካባቢ የገበሬዎች ፌስቲቫል አለ። ሸክላ ሠሪው፣ ቅርጫት ሠሪው፣ ቀጥቃጩ አደባባዩን ይሞሉታል። የእጅ ሥራ ለሚወድ ሰው ድንቅ ነው። ቤቶቹን ማየት ለፈለገ ግን ድንኳኑ ይጋርደዋል።

እኔ ብሆን ከእሷ ጋር ፕላስቶቪጼን እጨምራለሁ። ከቡዴዮቪጼ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው ያለችው፣ ዝቡዶቭስካ ብላታ በሚባለው ረግረጋማ ሜዳ ላይ። ቤቶቿ የዚያው የገበሬ ባሮክ ቤቶች ናቸው፣ ቱሪስት ግን አይበዛባትም። በዚያ አካባቢ ሜዳ ላይ የኩባታ መታሰቢያ ቆሟል። ኩባታ በአፈ ታሪክ የሚታወቅ ገበሬ ነው። የመንደሮቹ የግጦሽ መሬት በጌቶች ሊወሰድ ሲል ተከራክሮ አንገቱን ተቀላ ይባላል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ኩባታ ስለ ብላታ አንገቱን ሰጠ» ይላል። መነኮሳትና ነገሥታት መሬት እንዴት እንደተሰጣጡ ከላይ ተጽፏል። ገበሬው ራሱ ስለ መሬቱ ምን እንደሚያስታውስ መስማት የፈለገ እዚያ ይሂድ።

የፕራጓ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም ነበር። ስለ ጀርመኖቹ ያነበብኩት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለእህቴ ገና ሳትመጣ ደውዬ ነገርኳት፣ እሷም ሁለት ጥያቄ ጨመረችብኝ። አንደኛ፣ ባሮክ የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን አሠራር አይደለም እንዴ? ገበሬዎቹ መቶ ዓመት ዘግይተው ለምን በዚያ ሠሩ? ገንዘቡንስ ከየት አመጡት? ሁለተኛ፣ ይሄ ኔፖሙክ የሚባለው ቅዱስ ቼክ ውስጥ ድልድይ ሁሉ ላይ አለ፣ ድልድይ የሌላት መንደር ምን አደረገላት?

መልስ 4 — ኖራና ጡብ

ሰላም እህቴ። ሙያዬ የድሮ ሕንፃ እድሳት ነው፣ በምሥራቁ የቼክ ክፍል፣ ሞራቪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ልሞክረው።

ትክክል ናት እህትሽ። በቦሄሚያ ትልልቆቹ የባሮክ አብያተ ክርስቲያናትና ቤተ መንግሥቶች የተሠሩት በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ገበሬው እነዚያን ሁልጊዜ ያያል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያያል፣ ግብር ሊያስገባ ገዳም ሲሄድ ያያል። ለእሱ ያማረ ቤት ማለት ያ ነው። ግን መሥራት አይችልም ነበር። ቤቱ በአብዛኛው የእንጨት ነበር፣ ትርፉም ለጌታው ነው የሚሄደው።

ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛው እሳት ነው። የእንጨት ቤት በእንጨት ጭስ ማውጫ ሲነድ መንደሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ያኔ ቦሄሚያን ይገዛ የነበረው የኦስትሪያ መንግሥት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእሳት ጉዳይ ደንብ እያጠበቀ መጣ፣ ቀስ በቀስ ድንጋይና ጡብ እንጨትን ተካው። ጡብ ደግሞ በኖራ ይለሰናል፣ ልስን ካለ ጌጥ ማውጣት ይቻላል። በእንጨት ግንድ ላይ እንዲያ ያለ ኩርባ አይወጣም።

ሁለተኛው ነፃነት ነው። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በ1781 ገበሬው ከጌታው ፈቃድ ውጭ እንዳያገባ፣ እንዳይሄድ፣ ሙያ እንዳይማር የሚያስረውን ሥርዓት ሻረ። በ1848 ደግሞ የግዳጅ ሥራው ራሱ ቀረ። ገበሬው መሬቱን የራሱ አደረገ፣ የሸጠው እህልና ከብት ገንዘብ ኪሱ ገባ። ያን ጊዜ ምን አደረገ? ቤቱን አሳመረ። ዓመቱንም ግንባሩ ላይ ጻፈው። እኔ እነዚያን ዓመታት ሳያቸው «ከዚህ ዓመት ጀምሮ እኔ የራሴ ሰው ነኝ» የሚል ነው የሚመስለኝ።

ያኔ ከተማ ውስጥ ባሮክ ካለፈ ቆይቷል፣ ግን ገበሬውን ምን አገባው። የመንደሩ ግንበኛ አርክቴክቸር ትምህርት ቤት የገባ ሰው አይደለም። ያየውን ይዞ፣ ከባሮክ ኩርባውን፣ ከእሱ በኋላ ከመጡት አሠራሮች ደግሞ ከሮኮኮ አበባውን፣ ከክላሲሲዝም ቀጥ ያለውን አምድ ወስዶ በራሱ መንገድ አዋሃደው። ለዚህ ነው የትም ቤተ መንግሥት ላይ የማታገኙት ዓይነት ቅርጽ የሚታየው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ጌጡ ፍጹም ልክ አይደለም። በግራ ያለው ጥምጥም በቀኝ ካለው ይተልቃል፣ የእጅ ሥራ ነውና። የኖራ ልስን ሳይደርቅ ነው ቅርጽ የሚወጣለት፣ ስለዚህ ግንበኛው ፈጥኖ መሥራት አለበት።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እንዲህ ያለ ግድግዳ በሲሚንቶ መጠገን መግደል ነው። የድሮው ግድግዳ እርጥበት ከመሬት ይስባል፣ በኖራው በኩል ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ይዘጋዋል። እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና በክረምት በረዶ ሲሆን ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ቀለሙም እንደዚያው ነው፣ የሚተነፍስ መሆን አለበት። ቅርስ የሆነ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው መስኮት ልቀይር ቢል እንኳ ማስፈቀድ አለበት፣ እድሳቱም ውድ ነው። እነዚያ ቤቶች አምረው ሲታዩ ከኋላቸው የባለቤቶቹ ብዙ ድካም አለ።

መልስ 5 — ከቡዴዮቪጼ

ሁለተኛውን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ።

ቅዱስ ዮሐንስ ኔፖሙክ የፕራግ ቄስ ነበር። ንጉሥ አራተኛው ቫጽላቭ እ.ኤ.አ. በ1393 አሠቃይቶ ወደ ቭልታቫ ወንዝ አስጣለው። የተጣለው ከካርል ድልድይ ላይ ነው፣ እህትሽ ፕራግ ስትመጣ ቦታውን አሳዪያት። በሕዝቡ ዘንድ የሚነገረው ታሪክ የንግሥቲቱን ኑዛዜ ለንጉሡ አልናገርም ስላለ ነው ይላል። የታሪክ ሰዎች ደግሞ ጠቡ በንጉሡና በሊቀ ጳጳሱ መሀል የነበረ የሥልጣን ጠብ ነው ይላሉ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ተብሎ የታወጀው በ1729 ነው። ከዚያ በኋላ ቦሄሚያ ውስጥ ሐውልቱ ያልቆመበት ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። የሆላሾቪጼዋ ጸሎት ቤት በ1755 ስትሠራ ከአዋጁ ገና 26 ዓመት ነበር፣ ሞቅ ባለበት ሰዓት ማለት ነው።

ድልድይ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። ከጎርፍና ከውኃ አደጋ ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል፣ ስለዚህ ወፍጮ ቤት፣ ግድብ፣ ኩሬ አጠገብም ይቆማል። ደቡብ ቦሄሚያ ደግሞ የኩሬ አገር ነው። ትልቁ የሮዠምበርክ ኩሬ ከ1584 እስከ 1590 የተሠራ ነው፣ እስከ ዛሬ የገና ካርፕ ዓሣ ይወጣበታል። የሆላሾቪጼዋ ጸሎት ቤትም ከመንደሩ ኩሬ ጋር አደባባይ ትጋራለች። ሐውልቱን መለየት ቀላል ነው፣ በራሱ ዙሪያ አምስት ኮከብ ያለው ቄስ ካየሽ እሱ ነው።

ሌላው በቼክ መንደር አደባባይ ላይ የምታገኙት ቅዱስ ፍሎሪያን ነው። የወታደር ልብስ ለብሶ በሚነድ ቤት ላይ ውኃ ሲያፈስ ይታያል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጠባቂ ነው። በየመንደሩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያለቁ ልጆች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። በብዙ ቦታ አጠገቡ ሊንደን ዛፍ ተተክሏል። አንዳንዶቹ ዛፎች በ1918 ቼኮዝሎቫኪያ ነፃ ስትወጣ የተተከሉ ናቸው። ከሆላሾቪጼ መልስ በሌላ መንደር ስታልፉ አንዴ መኪናውን አቁሙና እነዚህን ፈልጉ። አደባባይ ማንበብ አንዴ ከለመዳችሁ የትኛውም መንደር ዝም አይላችሁም።

ስለ አካሄድ፦ ከቡዴዮቪጼ አውቶቡስ አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ አይመላለስም። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ይባስ ይቀንሳል። የመመለሻውን ሰዓት ሳታዩ እንዳትወጡ። መኪና ካላችሁ ከቼስኪ ክሩምሎቭም ሩቅ አይደለም፣ የብላንስኪ ሌስን ኮረብታዎችና ክሌት የተባለውን 1,084 ሜትር ተራራ እያያችሁ ነው የምታልፉት። መንገድ ላይ ዝላታ ኮሩና ገዳም አለ፣ እሱም የሲስተርሲያን ገዳም የነበረ ነው። ክሩምሎቭ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ጠዋት ዝላታ ኮሩና፣ ከሰዓት በኋላ ሆላሾቪጼ። ካርድ የማይቀበሉ ቦታዎች ሊያጋጥሟችሁ ይችላሉና ትንሽ ጥሬ ገንዘብ (የቼክ ኮሩና) ያዙ። ከቻላችሁ ሜይ ወይም ሴፕቴምበር ላይ በሥራ ቀን ሂዱ።

መልስ 6 — መዝገብ ገላጭ

አንድ ልጨምር። ብላታ ወዳድ ስለ ፕላስቶቪጼ ያለውን እደግፋለሁ። መኪና ከያዛችሁ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ጊዜ ካላችሁ ግን ቪሺ ብሮድንም አትተዉት። ናዚዎች በ1941 ዘጉት፣ ከጦርነቱ በኋላ መነኮሳቱ ተመለሱ፣ ኮሚኒስቶቹ በ1950 እንደገና ዘጉት። ከ1990 ወዲህ ግን መነኮሳት አሉበት። የሆላሾቪጼ ገበሬ ግብሩን ይዞ ይሄድበት የነበረው በር እስከ ዛሬ ይከፈታል። ታሪክ አስተማሪ ላላት ጉዞ መንደሩንና ገዳሙን አብሮ ማየት ይሻላል እላለሁ፣ ማን ለማን ይሠራ እንደነበር ቁጭ ብሎ ይታያልና።

የፕራጓ

ተወሰነ። ክሩምሎቭ ሁለት ሌሊት እናድራለን፣ አንዱን ቀን ለቪሺ ብሮድ፣ ሌላውን ለሆላሾቪጼና ለፕላስቶቪጼ። ጉዞው ሴፕቴምበር ነው። ብላታ ወዳድ፣ የኩባታ መታሰቢያ ጋ በእግር የሚደረስበት መንገድ ካለ ከየት እንደሚጀመር ጻፍልኝ።